ያልበራ ቴሌቪዥን ምስክር አይሆንም

አሮጌ ቴሌቪዥን ከቤት ሲወጣ ሸኚው ብዙውን ጊዜ ቆራሌው ነው። ዋጋው የሚተመነው በዘመኑ ባሳየው ነገር ሳይሆን በሆዱ በያዘው መዳብና ብረት ነው፤ ሣጥኑ ይፈርሳል፣ መስታወቱ ይሰበራል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ከዚህ ዕጣ ያመለጡት ጥቂቶች ዳንቴል ተደርቦባቸው የፎቶግራፍና የአርቲፊሻል አበባ ማስቀመጫ ሆነዋል። በዚህ የሚከፋ ሰው ብዙ አይደለም። ግድግዳ የሚሞላ ስክሪን በተለመደበት ጊዜ፣ ጉብ ባለች ትንሽ መስታወት ላይ የሚርገበገብ ግራጫ ምስል ቁጭ ብሎ ማየት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖቻችን የተወሰኑት ተጠግነው ሊበሩ፣ በርተውም ሊታዩ ይገባል የሚል ነው። የአንድ ዘመን የቴሌቪዥን ታሪክ በተላለፈው ፕሮግራም ብቻ አይሞላም፤ ሕዝቡ ፕሮግራሙን ያየበት መሣሪያ የታሪኩ ግማሽ ነው። ስለ ፊልሙና ስለ ካሴቱ ጥበቃ አልፎ አልፎም ቢሆን ይነገራል። መሣሪያውን ግን በኪሎ እየሸጥነው ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ቶምሰን በተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ ነው። ባለ ቀለም ሥርጭት መደበኛ የሆነው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ጋር ተያይዞ ነው። በመሀል ያሉት ሃያ ዓመታት ዘውዱ የወደቀባቸው፣ መሬት ለአራሹ የታወጀባቸው፣ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት የተካሄደባቸው ዓመታት ናቸው። ቴሌቪዥን ያለው ሰው፣ ወይም ካለው ጎረቤት ቤት የሚሰበሰበው ሰው፣ ከዚህ ሁሉ የደረሰውን ያየው በግራጫ ነው። በተለይ አንድ ምሽት እዚህ ላይ መነሳት አለበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ቀለም በሌለበት ስክሪን ግብዣውም ረሃቡም የሚታዩት በአንድ ዓይነት ጥላና ብርሃን ነው፤ ተመልካቹን የሚመታው የሁለቱ መፈራረቅ ነው። ዛሬ ያን ምሽት ሊያጠና የተነሳ ሰው ፊልሙን አግኝቶ በኮምፒዩተር ቢያየው፣ ይዘቱን ያውቅ እንደሆነ እንጂ በዚያ ምሽት በየሳሎኑ የታየው ምን ይመስል እንደነበር አያውቅም።

መሣሪያው ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል፣ ግራጫው ስክሪን ከሳሎን ወጥቶ ስንት ነገር እንደቀረጸ ማየት ይበቃል። ዛሬ አንድ ሕፃን ኳስ ሣል ሲባል በነጭ መሀል ጥቁር ቁራጭ ያለበትን ኳስ ይሥላል። ያ ኳስ በዓለም ዋንጫ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ሲሆን፣ አዲዳስ ቴልስታር ብሎ የሠራው ነው። 20 ባለ ስድስት ጎን ነጭና 12 ባለ አምስት ጎን ጥቁር ቁራጮች የተሰፉለት በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ላይ ጎልቶ እንዲታይ ነው። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ከቤታችን ከወጣ በኋላም እርሱ የወለደው ኳስ በሕፃናት ደብተር ላይ ቀርቷል። ወደ አገራችንም ስንመጣ፣ ሰንደቅ ዓላማችን በዚያ ስክሪን ሲታይ መካከለኛው ቢጫ ነጣ ይላል፤ አረንጓዴውና ቀዩ ጠቆር ብለው ይቀራረባሉ። የቱ አረንጓዴ፣ የቱ ቀይ እንደሆነ ስክሪኑ አይናገርም፤ ተመልካቹ ከራሱ ዕውቀት ይጨምርበታል። የዚያ ዘመን ተመልካች ምስሉን ከጣቢያው ተቀብሎ ቀለሙን ከልቡ የሚያዋጣ ሰው ነበር። እንዲህ ዓይነቱን አስተያየት በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ የሚገባው ግን ከመሣሪያው ፊት ሲቀመጡ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ቀለሙን ማጥፋት የአንድ ቁልፍ ሥራ በሆነበት ዘመን የድሮውን ቪዲዮ በዛሬ ስክሪን በጥቁርና ነጭ ማየት ለምን አይበቃም? መልሱ ምስሉ በሚፈጠርበት መንገድ ላይ ነው። በድሮው የምስል ቱቦ ጠባብ አንገት ውስጥ የጋለ ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል። ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ በሆነ ኃይል የሚሳበው ጨረር ፎስፈር የተቀባውን የመስታወቱን ውስጠኛ ፊት ሲመታ የተመታችው ነጥብ ታበራለች። በአንገቱ ዙሪያ የተጠመጠሙ የሽቦ ጥቅሎች በማግኔት ኃይል ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነዱታል። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች ይሰመራሉ፤ ከዚያ ጨረሩ ተመልሶ በመሀላቸው ሙሉ ቁጥሮቹን ያሰምራል። በ625 መስመር ሥርዓት ይህ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይደገማል፤ 15,625 መስመር በሴኮንድ ማለት ነው። በየትኛውም ቅጽበት መስታወቱ ላይ ሙሉ ምስል የለም። የሚያበራው ጨረሩ የደረሰበትና ገና ያለፈበት ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚያሟላው የሰው ዓይን ነው።

የዛሬው ስክሪን የሚሠራው በሌላ ሕግ ነው። አንዱን ሙሉ ምስል ያቀርብና ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ይዞት ይቆያል። የድሮው ቪዲዮ በጎዶሎና በሙሉ መስመር ተከፋፍሎ የተቀረጸ ስለሆነ መሣሪያው ሁለቱን መስፋት፣ የጎደለውንም በግምት መሙላት አለበት። ሯጭ ሲያልፍ ወይም ኳስ ሲመታ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተበጣጥሶ የሚታየው ስፌቱ ሲስት ነው። ለዚያች ጉብ ላለች መስታወት የተዘጋጀው፣ ወርዱ ከቁመቱ 4 ለ 3 የሆነው ምስል፣ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ሲለጠጥ የሰው ፊት ይሰፋል፤ ሲቆረጥ ደግሞ አናትና አገጭ ይጎድላል። የሮም ኦሎምፒክ እ.ኤ.አ. በ1960 በብዙ የአውሮፓ አገሮች በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት የማታ ሩጫ በእነዚያ ጉብ ባሉ የድሮ ስክሪኖች ታይቷል። ያን ምስል በዘመናዊ መሣሪያ ያየ ሰው የሚያገኘው የምስሉን ትርጉም እንጂ ምስሉን ራሱን አይደለም። ትርጉም ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ትርጉሙን ለመመዘን አንድ ቦታ ዋናው መኖር አለበት።

ዋናው አለ የሚባለውም ሲበራ ነው። የተዘጋ ቴሌቪዥን በሙዚየም መስታወት ውስጥ ቢቀመጥ ስለ ዘመኑ የእንጨት ሥራ ይናገራል፣ ስለ ቴሌቪዥን ግን ምንም አይልም። ይህን የተረዱ ሰዎች በሌላ አገር ብዙ ደክመዋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1936 በለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ የጀመረችውን የ405 መስመር ሥርጭት በጥር 1985 ዘጋች፤ ለዚያ ሥርዓት የተሠሩ ቴሌቪዥኖች ከዚያ ወዲህ ከአየር ላይ የሚይዙት ነገር አጡ። ጠጋኞቹ ግን የዛሬውን ምልክት ወደ 405 መስመር የሚለውጥ መሣሪያ ሠርተው አበሯቸው። በደቡብ ለንደን ዳልች ስለ ድሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የቆመ ሙዚየም አለ፤ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሂልያርድ ከተማም የቀደምት ቴሌቪዥኖች ሙዚየም ይገኛል። የእኛ ሥራ ከእነርሱ ይቀላል። አገራችን የተጠቀመችው የ625 መስመር ሥርዓት ስለሆነ፣ የዛሬውን የቪዲዮ ምልክት ወደ ድሮው የአንቴና ምልክት የሚመልስ ትንሽ መለወጫ ካለ የተጠገነ ቴሌቪዥን ምስል ያሳያል።

ጥገናው ራሱ የሚያስተምረውም ቀላል አይደለም። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ቴሌቪዥን ሲገኝ የሁሉም ሰው ፍላጎት ሶኬት ላይ ሰክቶ መሞከር ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚመጣው ከዚያ ነው። በቫልቭ፣ ማለትም ትራንዚስተርን በቀደመው የመስታወት ቱቦ፣ በሚሠሩ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ይጀምራሉ። ከአንድ ቫልቭ ወደ ቀጣዩ ምልክት ብቻ ማሳለፍ የነበረበት ካፓሲተር ሲያፈስ የቀጣዩ ቫልቭ ሚዛን ይዛባል፤ ቫልቩ ከልኩ በላይ ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ውዱን ትራንስፎርመር ይዞ ይቃጠላል። በአንዲት ርካሽ ዕቃ የተነሳ የማይተካ ዕቃ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው ሳያበራ መለካት ነው። ካፓሲተሮቹን ይፈትሻል፤ ዕድሜ መጠናቸውን ከፍ ያደረገባቸውን ሬዚስተሮች ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ኃይሉን ቀስ በቀስ ይሰጣል። ምስሉ ቁመት ካነሰው የቁመቱን ክፍል፣ ከተንሸራተተ የማስተካከያውን ክፍል ይመረምራል። እያንዳንዱ ጉድለት ስክሪኑ ላይ የሚታይ ምልክት አለው፤ ምልክቱን አይቶ ሕመሙን ማወቅ በንድፍ ንባብና በልምድ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

እንዲህ ዕቃው ሁሉ ከተለወጠ ቴሌቪዥኑ የድሮው መሆኑ የት ቀረ የሚል ሁለተኛ ተቃውሞ አለ፤ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ግድየለሽ ጥገና ቅርስን ከመጣል ባልተናነሰ ይጎዳል፤ ሣጥኑን ጠብቆ በውስጡ ዘመናዊ ስክሪን መክተት ደግሞ ጥገና ሊባል አይገባውም። ነገር ግን በየጊዜው የሚያልቅ ነገርና የዕቃው ማንነት የተለያዩ ናቸው። ክራር ጅማቱ ቢቀየር ክራርነቱ አይሻርም፤ ጅማቱ የተሠራው ሊያልቅና ሊተካ ነው። ካፓሲተርም እንዲሁ ነው። ጥንቁቅ ጠጋኞች የድሮውን ካፓሲተር የወረቀት ሽፋን ሳይቀድዱ ሆዱን አውጥተው አዲሱን በውስጡ ያስቀምጣሉ፤ የወጣውን ያኖሩታል፣ የሠሩትን ይጽፋሉ። የምስል ቱቦው፣ ጥቅሎቹ፣ ቫልቮቹና ሣጥኑ እስከተጠበቁ ድረስ ምስሉ የሚፈጠረው በዚያው በፊተኛው መንገድ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው እውነተኛነትም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ አደጋው ነው። ይህን አቃልሎ ማለፍ ወንጀል ይሆናል። በዘመኑ ብዙ ቴሌቪዥኖች ያለ መግቢያ ትራንስፎርመር ይሠሩ ስለነበር የውስጥ ብረታቸው ከመብራት መስመሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ ብረቱ ራሱ 220 ቮልት ይሸከማል። የምስል ቱቦው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ከፍተኛ ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። አየር አልባ በመሆኑ ሲሰበር ወደ ውስጥ ይፈነዳል፤ መስታወቱም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ይህ ሁሉ ቴሌቪዥኑ በሠለጠነ እጅ፣ በተገቢ መሣሪያ ብቻ እንዲነካ የሚያስገድድ ምክንያት ነው። ጥያቄው ግን ወደ ተቃዋሚውም ይመለሳል። ያልተጠገነው ቴሌቪዥን የት ይሄዳል? መዳቡን ለማውጣት ያለ ጓንትና ያለ መነጽር መስታወቱን የሚሰብረው ልጅ ከጠጋኙ ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። አደጋው የሚከለክለው ግድየለሽነትን ነው፤ ጥገናውን አይደለም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ የድህነት ነው። ትምህርት ቤት ወንበር በጎደለበት፣ ክሊኒክ መድኃኒት ባጣበት አገር ለአሮጌ ቴሌቪዥን ማሰብ ቅንጦት አይደለም ወይ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ትክክል ነበር። የሚፈለገው ግን በሺህ የሚቆጠር መሣሪያ ሳይሆን ከየዘመኑ ጥቂት ናሙና ነው፤ የሚተኩት ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮችም ርካሽ ናቸው። ትልቁ ወጪ የሰው ጊዜ ሲሆን እርሱም በትምህርት ይመለሳል። በዛሬ ቴሌቪዥን ውስጥ ብዙው ሥራ የሚከናወነው ሊከፈት በማይችል አንድ ቺፕ ነው፤ ተማሪ ምንም አይታየውም። በድሮው ግን ጣቢያ የሚመርጠው ክፍል፣ ምልክቱን የሚያጎላው፣ ምስሉን ከድምፁ የሚለየው፣ ጨረሩን የሚነዳው ሁሉም ተለይቶ ተቀምጧል፤ በእጅ ይጠቆማል፣ በመሣሪያ ይለካል። ለቴክኒክና ሙያ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ግልጥ መጽሐፍ አይገኝም።

ተማሪው ከዚሁ ሌላም ነገር ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የወጣው የአርሲኤ ኩባንያ 630 ቴሌቪዥን ባለ 10 ኢንች ስክሪን ሲሆን 30 ቫልቮች ነበሩት። በ1953 የቀለም ሥርዓት ሲጸድቅ መሐንዲሶቹ የቀለሙን መረጃ በጥቁርና ነጩ ምልክት ላይ አሳፍረው ላኩት፤ አዲሱ መሣሪያ ቀለሙን ያነባል፣ አሮጌው ግራጫውን ብቻ ወስዶ ይቀጥላል። አዲስ ነገር ሲመጣ ባለ አሮጌው እንዳይጣል ታስቦ ነበር። በዚህ ምክንያት በደንብ የተያዘ የ1946 ቴሌቪዥን ትልልቆቹ ጣቢያዎች የአናሎግ ሥርጭታቸውን እስከዘጉበት እስከ ሰኔ 2009 ድረስ፣ ለ63 ዓመት ከአየር ላይ ምስል መቀበል ይችል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ደግሞ የቴሌቪዥን አምራቾች መለዋወጫ ቢያንስ ለ7 ዓመት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ይህም እንደ ትልቅ ድል ተቆጥሯል። ዕቃ ከውጭ በዶላር ለሚገዛ አገር ከ63 ወደ 7 የመጣንበትን መንገድ ማወቅ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

በመጨረሻ፣ ያ ስክሪን የቤተ መንግሥትና የደርግ መናገሪያ ስለነበር መታወስ የለበትም የሚሉ አሉ። ስለ ይዘቱ እውነት ብለዋል፤ ጣቢያው አንድ፣ ባለቤቱም መንግሥት ነበር። ከዚያ የሚከተለው ግን መሣሪያውን መጠበቅ ነው። ሥልጣን በምስል እንዴት እንደሚናገር፣ ምን አጉልቶ ምን እንደሚሸፍን መመርመር የሚፈልግ ትውልድ ምስሉን በተላከበት መልክ ማግኘት አለበት። የድሮ ቴሌቪዥን አብርቶ መመልከት ያለፈውን ሥርዓት ማሞገስ ከሆነ፣ የድሮ ጋዜጣ ማንበብም ማሞገስ ሊሆን ነው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ከቴሌቪዥን ክፍሎች ሁሉ ሊተካ የማይችለው የምስል ቱቦው ነው፤ ካቶዱ ሲያረጅ ምስሉ ይደበዝዛል። ድሮ አንገቱን ቆርጦ አዲስ የኤሌክትሮን መርጫ በማስገባትና አየሩን እንደገና በመምጠጥ የሚያድሱ ፋብሪካዎች ነበሩ። በአሜሪካ የመጨረሻው በአዮዋ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ፣ በአውሮፓ የመጨረሻው በፈረንሳይ በ2013 ሥራ አቁመዋል። ተራ ነገር መስሎ የሚታይ ዕቃ በትልልቆቹም እጅ ይጠፋል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1969 ከጨረቃ የተላከው የመጀመሪያው ጥራት ያለው ምስል የተቀረጸባቸው ቴፖች ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ እንዳልቀሩ ከ40 ዓመት በኋላ አምኗል፤ የተረፈው ለቴሌቪዥን ሥርጭት የተለወጠው ቅጂ ነው።

ስለዚህ ጥሪው ግልጽ ነው። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በቤቱ ያለው ሰው ሶኬት ላይ አይሰካው፣ አይፍታው፣ አይሽጠውም፤ የተገዛበትን ዘመንና የነበረበትን ቤት ጽፎ ያቆየው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ሙዚየሞች ከየዘመኑ ጥቂቶቹን ይሰብስቡ፤ ከማኅደር የወጣ የዘመኑን ምስልም በእነርሱ ላይ ለሕዝብ ያሳዩ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ ባለ ቫልቭ ቴሌቪዥን ጠግነው ያደሩ አንጋፋ ባለሙያዎችን ይጥሩ፤ ተማሪ ከጎናቸው ያስቀምጡ፣ የሚሉትን ይመዝግቡ። ቴሌቪዥኑን ቢያንስ መጋዘን ያቆየው ይሆናል፤ ሙያው ግን ከባለሙያው ጋር ይቀበራል። ሥራው መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው፤ መጀመር ያለበትም በዚህ ዓመት ነው።